የወፍጮ ፑሊ ለማበላሸት

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር የወፍጮ ፑሊ ሲሰበር ችግሩ የሰፈር ሁሉ ነው፤ እህሉ ሳይፈጭ ይመለሳል። አሮጌ ፒስተን አቅልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ በማፍሰስ ምትኩን እዚያው መሥራት ይቻላል። እንዳይቻል ከፈለጋችሁ ግን ምክሬን ስሙ።

አሸዋው ላይ ቅርጹን የሚተወውን የእንጨት ሞዴል ትናንት ከተቆረጠ ባሕር ዛፍ አውጡት። ደርቆ የተቀመጠ ዋንዛ ቢኖርም አትንኩት፤ እሱ በቀላሉ አይጣመምም። ባሕር ዛፉ ገና አሸዋ ሳይነካው ይሰነጠቅላችኋል። ልኩን ከተሰበረው ላይ እንዳለ ውሰዱ። አሉሚኒየም ረግቶ ሲቀዘቅዝ በሜትር 13 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚኮማተር፣ ፑሊው ቶርኖ ቤት ሲደርስ የሚላጭ ትርፍ አይኖረውም። ጎኑንም ቀጥ አድርጉት፤ ትንሽ ዘመም ካላለ ሞዴሉ ሲወጣ አሸዋውን ይዞት ይወጣል።

አሸዋው ላይ በርቱ፤ ሥራው የሚበላሸው በዋናነት እዚህ ነውና። ጥሩው አሸዋ ሸክላ አፈር ያለበት ነው፤ ጨብጣችሁ ስትለቁት የጣታችሁን ምልክት ይይዛል፣ ለሁለት ስትሰብሩት ጠርዙ አይፈርስም። እንዲህ ያለውን ካገኛችሁ ውኃ አርከፍክፉበት። በጎጃም ክረምት ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ብታስቀምጡትም ይበቃል። ውኃው የቀለጠ ብረት ሲነካው ከ1,600 እጥፍ በላይ ሰፍቶ እንፋሎት ይሆናል። መውጫ እንዳያገኝ አሸዋውን አጥብቃችሁ ጠቅጥቁ፣ በሽቦም አትብሱት። እንፋሎቱ በብረቱ ውስጥ ሲያልፍ ፑሊውን እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ያደርገዋል።

አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። እናንተ ግን ደማቅ ቀይ እስኪሆን ወናፉን ንፉ፤ ከልክ በላይ የጋለ አሉሚኒየም ከእርጥበት ሃይድሮጅን ይጠጣል፣ ሲረጋ ይተፋዋል፤ ቀዳዳው በዚህም ይበዛል።

ሠሪውንም በሙያው ስደቡት። ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ዛሬም አልጠፋም። ልጁ ሙያውን ትቶ ሲሄድ ጨብጦ አሸዋ የሚለይ እጅ አብሮ ይሄዳል።

አንዱን ግን ለፌዝ እንኳ አልመክርም። እርጥብ ቁርጥራጭ በቀለጠ ብረት ውስጥ አትጣሉ፤ ፈንድቶ ዓይን ያጠፋል። መጀመሪያ እሳቱ ዳር አድርቁት። ስታፈሱም የቆዳ ጫማ አድርጉ፤ የላስቲክ ጫማ እግር ላይ ይቀልጣል።