መንገዱን ለአንድ እሑድ ስላዋሳችሁን

ይድረስ ለኬፕ ታውን ከተማ ምክር ቤት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡራን፣ በየዓመቱ በማርች ወር በአንድ እሑድ መኪናውን ገለል አድርጋችሁ 109 ኪሎ ሜትር አስፋልት ለብስክሌተኛ ስለምትለቁ ምስጋና ይገባችኋል። የብስክሌት ዙሩ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ በሙይዘንበርግ ወደ ፎልስ ቤይ ዳርቻ ይወርዳል፤ ሳይመንስ ታውንን አልፎ የስሚትስዊንክልን ዳገት ይወጣል፤ ከዚያ ወደ አትላንቲክ ዞሮ በቻፕማንስ ፒክ ገደል ወገብ ላይ ይጥመዘመዛል። ጉልበት ባለቀበት ሰዓት ደግሞ የሱይከርቦሲ አቀበት ከፊት ይደቀናል። ጎበዙ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል፤ ሌላው የተፈቀደለትን ሰባት ሰዓት አሟጦ ይገባል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን የሚያስተናግድ እንዲህ ያለ ሰፊ የብስክሌት መንገድ ያለው ከተማ ስንት ይገኛል? ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ለማታ አይደርስም።

ታሪኩን ከኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ቢል ማይልሪያ እና ጆን ስቴግማን ብስክሌተኞችን ሰብስበው ጎዳና የወጡት ለውድድር አልነበረም፤ ለብስክሌት የተለየ መንገድ ይሠራልን ለማለት ነበር። ያንን ሰልፍ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያው ዙር ሲካሄድ ተሳታፊው ከ500 ብዙም አይበልጥም። ዛሬ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ አድጓል። አቤቱታ አቅራቢን ማሸነፊያው ጥበብ እምቢ ማለት አለመሆኑን ያስተማራችሁን እዚህ ላይ ነው። እምቢ የተባለ ሰው ነገ ተመልሶ ደጃችሁን ያንኳኳል፤ የደረት ቁጥርና ሜዳሊያ የተሰጠው ግን መመዝገቢያውን ራሱ ከፍሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጥያቄው መሞት አለመሞቱ ሳይጣራ ተዝካሩ በየዓመቱ በድምቀት ይወጣለታል፤ ተዝካር በላተኛውም ስለ ሟቹ መጠየቁን ከተወ ቆይቷል።

ከተማዋ ለዕለት ተዕለት ብስክሌት አትመችም፣ ዳገቷና ነፋሷ አይቻልም የሚሉ ጠበቆች እንዳሏችሁ እንሰማለን። ነፋሱስ እውነት ነው። በ2017 ደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሰውን ከነብስክሌቱ ሲጥል ዝግጅቱ ገና በማለዳው ተሰርዟል። ነገር ግን ይህ ምስክር የመጣው ለናንተ ቢሆንም የሚመሰክረው በናንተ ላይ ነው፤ እስከዚያ ዓመት ድረስ ነፋስ አሰርዞት አያውቅማ! ሂሳብ ሠራተኛው፣ ጡረተኛው፣ ተማሪው ያንኑ ነፋስ እየተጋፈጡ በየዓመቱ ወጥተዋል። ዳገቱን በተመለከተም ካየሊትሻና ሚቸልስ ፕሌን የሰፈሩበት ኬፕ ፍላትስ ለጥ ያለ አሸዋማ ሜዳ ነው። በብስክሌት ሥራ ቢሄድ ኪሱ የሚተርፍለት ሰው የሚኖረው እዚያ ነው እንጂ በሱይከርቦሲ አናት ላይ አይደለም።

የብስክሌት መስመር የለም አንልም፤ ውሸት ይሆንብናል። በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቀለም ተቀብቷል፣ ተነጥፏል። በ2017 ያወጣችሁት የብስክሌት ስትራቴጂም አንድ በመቶ ገደማ የነበረውን የብስክሌት ጉዞ ድርሻ በ2030 ስምንት በመቶ ለማድረስ ቃል ገብቷል። ግን መስመር ርዝመቱ ተደምሮ ሳይሆን ከየት ወዴት እንደሚያደርስ ታይቶ ነው የሚመዘነው። አሥር ቦታ የተቆራረጠ መንገድ ድምሩ ቢያምርም ብስክሌተኛውን አሥር ጊዜ ወደ መኪና መሀል ይመልሰዋል። የማርቹን እሑድ ያን ያህል ተወዳጅ ያደረገው ነገር እኮ ውበቱ ብቻ አይደለም፤ ከመነሻ እስከ መድረሻ አለመቋረጡ ነው።

ካየሊትሻ ከመሀል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ ማን ይህን ያህል ይጋልባል የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ ክብደት አለው። ርቀቱን ግን ተፈጥሮ አላመጣችውም። የዙሩ መንገድ ራሱ ይናገራል፤ ሳይመንስ ታውን በ1967 ለነጮች ብቻ ስትከለል፣ ተነሡ የተባሉት ብዙ ቤተሰቦች የተጣሉት በዚያው ባሕረ ገብ መሬት ማዶ ኦሽን ቪው በተባለው ሰፈር ነው። ብስክሌተኛው ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ያልፋቸዋል፤ ለእሱ የመንገዱ አካል ናቸው፣ ለተነሡት ግን የአውቶቡስ ክፍያ ሆነው ቀርተዋል። ደግሞስ ሁሉም 30 ኪሎ ሜትር ይጋልብ ያለ የለም። ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያ፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው አጭር ጉዞ ደህና መንገድ ቢያገኝ ይበቃል። ይህ ከባድ ከሆነ ደግሞ የካየሊትሻ ሠራተኛ ሰኞ ሰኞ ሥራ መግባቱን ትቶ በማርች እሑድ ብቻ እንዲገባ መመሪያ ይውጣለት።

ዝግጅቱ ለከተማዋ ገንዘብ ያመጣል፣ ትርፉም ለበጎ አድራጎት ይውላል። ይህን የሚያጣጥል ንፉግ ነው። ግን ያው ዝግጅት የናንተን ሰበብ በሙሉ አፍርሶባችኋል። በ2015 ቃጠሎ ተራራውን ሲበላው ዙሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 47 ኪሎ ሜትር አጥሮ ተካሂዷል፤ ትራፊክ ማዘዋወር አይቻልም እንዳይባል። በቻፕማንስ ፒክ ናዳ ሰው ሲገድል መንገዱ ለዓመታት ተዘግቶ፣ የብረት መረብ ተዘርግቶ፣ ዓለቱ ተፈልፍሎ በ2003 በክፍያ ተከፍቷል፤ ምህንድስና የለንም እንዳይባል። መኪናን ከዓለት ለማዳን ተራራ የፈለፈለ አገር ብስክሌትን ከመኪና ለማዳን የድንጋይ ጠርዝ አነሰው ማለት ይከብዳል።

ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ምን አገባችሁ ትሉን ይሆናል። ያገባናል፤ እኛም እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ጎዳና ዘግተን መንገድ ለሰው ስንል ነበርና፣ የእሑድ ቸርነት ሰኞን እንዴት እንደሚያስረሳ በዘመድነት እናውቀዋለን።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በመጪው የማርች እሑድ ማታ፣ ማገጃውን የሚሰበስበው መኪና በስሕተት ወደ ካየሊትሻ ዞሮ ጭነቱን በአንዱ ዋና መንገድ ጠርዝ ላይ ይደርድርና ይርሳው። እናንተም ለጥቂት ዓመታት አታስታውሱት፤ መርሳቱን እንኳ ትችሉበታላችሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለደቡብ ምሥራቅ ነፋስ፣ እንዲያውቀው