የአምበር የቻይና ምግብ

አዲስ አበባ ያሉ ዘመናዮች የሳምንቱን ምግብ ጽፈው ማቀዝቀዣ ላይ ይለጥፋሉ አሉ። በደጀንና በደብረ ማርቆስ መሀል ያለችው አምበርም ዝርዝር አላት፤ መለጠፊያ አይፈልግም እንጂ። ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ሽሮ። ረቡዕና ዓርብ ሽሮውም አብሮ ይጾማል፤ ቅቤው ይቀርና ዘይት ይገባበታል። ሐሙስ ግን ልጆቹ «ዛሬ የቻይና ምግብ!» ይላሉ፤ ከሱቅ ኢንዶሚ ይመጣል። እማማ በርበሬ ይነሰንሱበታል፤ ከዚያ በእንጀራ ይጠቀለላል። (ሹካ ማን ያጥባል?) ቻይናዎቹ ግን ድንችን በቀጭን በቀጭኑ ቆርጠው፣ ከቃሪያና ከኮምጣጤ ጋር ቶሎ አመስ አድርገው ይበላሉ። ድንቹም ቃሪያውም ጎጃም ገበያ ሞልቷል፤ የጠፋው ሞካሪ ነው። ኢንዶሚ ደግሞ በ1972 እ.ኤ.አ. የተወለደው ኢንዶኔዥያ ነው፤ አደራ፣ ለእማማ እንዳትነግሯቸው።