በምርመራ ቀን ማጨስን ለመከልከል የወጣ አዋጅ

ያረጀ የናፍጣ መኪና ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ቀርቦ፣ ጭሱ ተለክቶ፣ ቦሎ ተከልክሎ መመለሱ በጎጃሟ ጉንደ ወይንና በአካባቢዋ የታወቀ ሐዘን ሆኖ በመገኘቱ፤

መኪናው በቀሩት 364 ቀናት በቢቸናና በሞጣ መንገድ እንደ ልቡ ሲያጨስ ከርሞ በ365ኛው ቀን ብቻ ጥፋተኛ መባሉ ባለንብረቶችን ግራ በማጋባቱ፤

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰው የሰጠ፣ ነገር ግን መብቱ ከአይሱዙ በስተኋላ ለሚሄድ እግረኛ ጭምር መሆኑን ብዙ ሾፌር ያልሰማ በመሆኑ፤

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ዓመታዊ ምርመራ ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ ግዴታው የደረሰበት ሰው ከጋራዥ ይልቅ ዘመድ ፍለጋ የሚቀናው በመሆኑ፤

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ርስት ወደ መሆን በመቃረቡ፤

የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ፦ ጠቅላላ

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የአንድ ቀን ንጹሕ አየር አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) “ጭስ” ማለት ከሌላ ሰው መኪና ማርሚታ የሚወጣ ጥቁር ነገር ነው፤ ከራስ መኪና የሚወጣው “ትንሽ እንፋሎት” ይባላል።

ለ) “አሮጌ” ማለት ባለቤቱ ሲሸጠው ሞተሩ ያልተነካ፣ ግብር ሲጠየቅበት ግን ከቆመ የቆየ መኪና ነው።

ሐ) “መካኒክ” ማለት የሞተሩን በሽታ ኮፈኑ ሳይከፈት በድምፁ የሚናገር፣ ከተከፈተ በኋላ ዝም የሚል ባለሙያ ነው።

3. የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተር በተሸከሙ የቶዮታ ሚኒባሶችና ፒክአፖች፣ ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድክሩዘሮችና ዕድሜ በጠገቡ አይሱዙዎች ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ያካትታል፤ በአይሱዙ የተገለጸው ላንድክሩዘርንም ይጨምራል።

ክፍል ሁለት፦ ስለ ጭስና ስለ አለካኩ

4. የጭስ ቀለማት

ጥቁር ጭስ ነዳጁ በዝቶ ወይም አየሩ አንሶ ሳይቃጠል የቀረ ካርቦን ነው። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት ባረጀ ፋሻ ወይም በባልቦላ ጎማ አልፎ ሲቃጠል የሚመጣ ነው፤ ባለንብረቱ ዘይት መቀየር ትቶ መጨመር ከጀመረ ምስክር አያስፈልግም። ነጭ ጭስ ጠዋት ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋተኛው የጮቄ ተራራ ብርድ ወይም የደከመ ማሞቂያ ካንዴላ ነው። ሳይጠፋ ከቀረና የራዲያተሩ ውኃም የሚጎድል ከሆነ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፤ በዚህ ጊዜ ባለንብረቱ የሚሄደው ወደ ምርመራ ሳይሆን ወደ ጋራዥ ነው።

5. ስለ ደጋው ተባባሪነት

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,446 ሜትር ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲ ወደብ በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ፖምፓው ለቆላ እንደተስተካከለ ደጋ ሲወጣ የሚረጨው ነዳጅ ያው፣ የሚስበው አየር ግን የሳሳ ይሆናል፤ ትርፉ ነዳጅም ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለሆነም ከመርከብ ሲወርድ ጨዋ የነበረ መኪና ጎጃም ገብቶ ቢያጨስ ደጋው በተባባሪነት ይጠየቃል። ይሁን እንጂ ደጋው ቦሎ ስለማያወጣ ሙሉው ኃላፊነት በባለንብረቱ ላይ ይጸናል።

6. የአለካክ ሥርዓት

መርማሪው ማርሹን ነፃ አድርጎ የነዳጅ ፔዳሉን በአንድ ጊዜ እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ሞተሩ ጣሪያው ሲደርስ ይለቃል፤ ይህንኑ ይደጋግማል። ማርሚታው ውስጥ የገባው ቱቦ ጭሱን ወደ መለኪያው ይስበዋል። በመለኪያው ሆድ ውስጥ በአንድ ወገን መብራት፣ በሌላው ወገን ብርሃኑን የሚቀበል ዓይን አለ፤ ጭሱ ምን ያህሉን ብርሃን እንደጋረደ በቁጥር ተጽፎ ይወጣል። ይህ ዓይን አማች፣ የክርስትና ልጅም ሆነ የአገር ልጅ የለውም።

ክፍል ሦስት፦ ለአንድ ቀን ስለተፈቀዱ ድርጊቶች

7. ውሰት

ሀ) አዲስ የአየር ፊልትሮ ከጎረቤት ተውሶ ለምርመራው ገጥሞ ማታ መመለስ የቆየ የመልካም ጉርብትና ምልክት ነው።

ለ) እሳት ማጥፊያና ትርፍ ጎማም አብረው ይዋሳሉ። አንድ እሳት ማጥፊያ ዕድሜውን ሙሉ እሳት ሳያይ ብዙ ቦሎ እንዲያይ ተፈቅዷል።

8. ካቻቢቴ

በፖምፓው ላይ የነዳጁን ጣሪያ የምትወስነውን ብሎን ለዳገት ጉልበት ሲባል ወደ ውስጥ ያስገባ መካኒክ፣ በምርመራው ዋዜማ ወደ ውጭ ይመልሳታል። መኪናው ቦሎውን ለጥፎ ሲመለስ መጀመሪያው ዳገት ላይ እምቢ ካለ ብሎኗ በዚያው ዳገት ሥር ወደ ኃጢአቷ ትመለሳለች።

9. ጠርሙስ

ጭስ ያጠፋል ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽ ሁሉ ነዳጅ ታንክ ውስጥ ሊጨመር ይችላል። ጥሩው ዓይነት ኖዝልን በመጠኑ ያጸዳል። የተበላ ፋሻ የሚያበቅል ጠርሙስ ግን እስከ አሁን ለገበያ አልቀረበም።

10. ዓለም አቀፍ ልምድ

እነዚህ ድርጊቶች የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርገው አይወሰዱም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የጀርመኑ ቮልስዋገን በናፍጣ መኪኖቹ ኮምፒውተር ውስጥ ምርመራ ላይ መሆናቸውን የሚለይ ፕሮግራም መጫኑ ተጋለጠ። መኪኖቹ መርማሪ ፊት የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዛቸውን ይሰበስቡ፣ መንገድ ሲወጡ ይለቁት ነበር። ፕሮግራሙ 11 ሚሊዮን በሚያህሉ መኪኖች ውስጥ ነበር። ጀርመን በኮምፒውተር የደረሰችበትን ዕውቀት የጉንደ ወይን ሾፌር በተዋሰው ፊልትሮና በአንድ ካቻቢቴ ቀድሞ ደርሶበት ስለነበር የፈጠራ መብቱ ይጠበቅለታል።

ክፍል አራት፦ ሌላ መንገድ ሁሉ ላለቀበት ሰው ስለ ጥገና

11. ቅደም ተከተል

በአንቀጽ 7፣ 8 እና 9 የተፈቀደው ሁሉ ካልሠራ መኪናውን መጠገን አልተከለከለም። ጥገናው ከርካሹ ወደ ውዱ ይሄዳል፤ ፖምፓ አስቀድሞ የሚያስወርድ መካኒክ የደንበኛውን በሬ የሚያሸጥ ነው።

ሀ) የአየር ፊልትሮ። በጥርጊያ መንገድ በጋውን የከረመ ፊልትሮ የቀበሌውን አቧራ ይዞ ይገኛል። ወደ ፀሐይ ተይዞ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ይቀየራል፤ ከመከላከያ ብረት ጋር አጋጭቶ ማራገፍ እንደ ቅያሪ አይቆጠርም።

ለ) ዘይትና የናፍጣ ፊልትሮ። ሁለቱም በጊዜያቸው ይቀየራሉ። ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ውኃና ቆሻሻ ሊኖረው ስለሚችል ሳይጠል አይገባም።

ሐ) ኖዝል። ኖዝሎቹ ይፈቱና አንድ በአንድ በእጅ በሚገፋ መፈተሻ ላይ ይታሰራሉ። እጀታው ሲጫን ደህናው ኖዝል ጢስ ብሎ ናፍጣውን በደቃቁ ይረጫል፤ ጫፉም ደረቅ ይቀራል። የታመመው እንደ ሕፃን አፍ ይዝረበረባል፤ ከጫፉ የምትንጠለጠለው ጠብታ ሞተሩ ውስጥ ስትገባ በደንብ ሳትቃጠል ጥቁር ጭስ ትሆናለች። በጥቁር ጭስ ከሚወድቁት መኪኖች ብዙዎቹ መፍትሔያቸው ከዚህ ንዑስ አንቀጽ አያልፍም።

መ) ፖምፓ። የነዳጁ መጠንና ታይሚንጉ መለኪያ ማሽን ባለው ባለሙያ ይስተካከላል። በጆሮ ማስተካከል ለክራር ብቻ ተፈቅዷል።

ሠ) ባልቦላና ፋሻ። የባልቦላ ክፍተት ይለካል፤ የሲሊንደሮቹ ግፊትም ይፈተሻል። ግፊቱ ከወደቀ ሞተሩ ይወርዳል፤ ባለንብረቱም ከቤተሰቡ ጋር ይመክራል።

12. የምርመራው ጠዋት

የተጠገነ መኪናም ቀዝቅዞ ከቀረበ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ጥቂት ጭነት ይዞ፣ በደንብ ሞቆ፣ ዳገት ወጥቶ በማርሚታው ውስጥ የተከማቸውን ጥቀርሻ አራግፎ ይመጣል። ሰልፍ ላይ ሞተር አስነስቶ ረጅም ሰዓት መቆም ጥቀርሻውን መልሶ ያጠራቅማል። ወረፋውን መጠበቅ ያለበት ሾፌሩ እንጂ ሞተሩ አይደለም።

ክፍል አምስት፦ ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች

13. ስለ ቅጣት

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጎራ መድቦታል። በመሆኑም መኪናው በጭስ የወደቀበት ባለንብረት በገበያ ቀን፣ እህል እንደያዘ ገበያተኛ፣ ከራሱ ማርሚታ በስተኋላ ዳገቱን በእግሩ እየተከተለ እንዲወጣ ይደረጋል። ሾፌሩ በዚህ ጊዜ ማርሽ እንዳይቀንስ ይከለከላል። ዳገቱ ሲያልቅ ባለንብረቱ የራሱን ጭስ “ትንሽ እንፋሎት” ብሎ መጥራቱን ከቀጠለ ቅጣቱ ይደገማል።

14. ጥርጣሬ ስለሚያስከትል ሁኔታ

ከምርመራው ማግስት ጀምሮም የማያጨስ መኪና የተገኘበት ሰው መኪናውን በእርግጥ አስጠግኖ እንደሆነ ይመረመራል። አስጠግኖ ከተገኘ ፊልትሮ የሚያውሱት ጎረቤቶች ሥራ ስለሚፈቱ ካሣ ይከፍላቸዋል።

15. የተሻሩ ሕጎች

“ናፍጣ ነው፣ ማጨሱ አይቀርም” የሚለው ልማዳዊ ሕግ በዚህ አዋጅ ተሽሯል። ጤነኛ የናፍጣ ሞተር ሞቆ ሲሠራ ለዓይን የሚታይ ጭስ እምብዛም የለውም።

16. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከምርመራው ቀን ጠዋት ጀምሮ አዲሱ ቦሎ መስታወቱ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ የጸና ይሆናል።

ጉንደ ወይን፣ ቦሎ ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው