እርምጃ ከመንዝ፣ ቦርጭ ከአዲስ አበባ

የሰሜን ሸዋው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሕዝብ የክብደት መቀነሻው ስማርት ሰዓት ሳይደርሰው ይህን ያህል ዘመን መቆየቱ እጅግ ያሳዝናል። ገበሬው ከጀማ ሸለቆ ተነሥቶ እህል ተሸክሞ አፋፉን ይወጣል፤ ስንት ካሎሪ እንዳቃጠለ ግን አያውቅም። ሴትዮዋ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ ከምንጭ ትመለሳለች፤ ክንዷ ላይ ተንቀጥቅጦ «ጎበዝ! የዛሬውን ግብሽን መትተሻል» የሚላት የለም። ልጁ ትምህርት ቤት ለመድረስ ወንዝ ይሻገራል፤ ርችት የሚተኩስለት ስክሪን አይቶ አያውቅም። ይህ ሁሉ ድካም ሳይቆጠር፣ ሳይመዘገብ፣ ፌስቡክ ላይ ሳይለጠፍ ሜዳ ላይ ቀረ። ብክነት ማለት ይኸ ነው።

አዲስ አበባ ግን ነቅታለች። የነቃው ሰው ጠዋት ከአልጋው እንደ ወረደ መጀመሪያ የሚያየው ክንዱን ነው፤ ደኅና አድሮ እንደሆነ ሰዓቱ ይነግረዋል፤ እሱ በራሱ የሚያውቀው ነገር አይደለም። ከዚያ ከደጁ መኪና ውስጥ ይገባል፣ ከመኪናው ሊፍት ውስጥ፣ ከሊፍቱ ወንበሩ ላይ። ቅዳሜ ለእግር ጉዞ እንጦጦ ፓርክ ሲሄድ ዳገቱን በመኪና ወጥቶ ሜዳውን በእግሩ ይሄዳል። ሰው አእምሮ ያለው ፍጡር ነውና ዳገትን ለመኪና መተው ተገቢ ነው። ማታ አራት ሰዓት ላይ ቆጣሪው 8,100 ላይ መቆሙን ሲያይ ግን ይደነግጣል። ተነሥቶ ሶፋውን መዞር ይጀምራል። ልጆቹ ዜና እንዳያዩ ይጋርዳቸዋል፤ ሚስቱ «ምን ጠፋብህ?» ትለዋለች። የጠፋበት 1,900 እርምጃ ነው።

ለመሆኑ ሰውየውን ሳሎን ለሳሎን የምታንከራትተው 10,000 ከየት መጣች? ከሐኪም ቤት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ኦሊምፒክን አስተናገደች፤ ጃፓናውያንን የስፖርት ፍቅር ያዛቸው። በዓመቱ አንድ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ አወጣና 10,000ን ስሙ ውስጥ ከተታት። ሙሉ ቁጥር ናት፤ ለማስታወቂያ ትመቻለች። እ.ኤ.አ. በ2019 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ የ16,741 ሴቶችን መረጃ ሲያገላብጡ፣ ዕድሜ ከእርምጃ የሚያገኘው ትርፍ 7,500 አካባቢ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ አገኙት። ይህን ለሶፋ ዟሪው የሚነግር ጨካኝ አይገኝም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያን ኦሊምፒክ ካሞቁት አንዱ ማን ነበር? ከደብረ ብርሃን ብዙም የማትርቀው የጃቶ ልጅ፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ። ትርፍ አንጀቱን በኦፕራሲዮን ካስወጣ 40 ቀን ሳይሞላው 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ ሌላው ገና መንገድ ላይ ሳለ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም አየ። እንግዲህ የእርምጃ ቆጣሪው ገበያ በዚያ ሙቀት ላይ ከተጣደ፣ ሸዋ ድርሻ ይገባዋል ማለት ነው። ድርሻችንን መጠየቅ ሲገባን እኛው ተመልሰን ቆጣሪውን በውጭ ምንዛሪ እንገዛለን።

አሁን ሰዓቱን መንዝ፣ መሐል ሜዳ እናድርሰው። መንግሥት፣ በጎ አድራጊ ድርጅት፣ ወይም ለእናቱ ስጦታ ያጣ የዲያስፖራ ልጅ አምጥቶ ለአንዲት እናት ክንድ ላይ አሰረው እንበል። ችግሩ ሰዓቱ የሚቆጥረው የክንድን መወዛወዝ መሆኑ ነው። እኚህ እናት ደግሞ ጀሪካኑን በጀርባቸው አዝለው የገመዱን ጫፍ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ጨብጠው ነው የሚወጡት። እጅ አልተወዛወዘም፤ ስለዚህ ከእርምጃቸው ብዙው አየር ላይ ይቀራል። የጀሪካኑን 20 ኪሎማ ጭራሽ አያውቀውም፤ ክብደታቸውን ልጃቸው በሞላለት ልክ ነው የሚያስላው። ቤት ገብተው የበግ ሱፍ ለባና ሊፈትሉ ሲቀመጡ ግን እንዝርት የሚያሾረው እጅ ይነቃነቃልና ቆጣሪው ባንኖ ይነሣል። ተሸክመው የወጡት ዳገት ዕረፍት ተብሎ ተመዝግቦ፣ ቁጭ ብለው የፈተሉት ሱፍ የእግር ጉዞ ሊሆንላቸው ነው። ቴክኖሎጂ አስማት ነው የሚሉት ለካ እውነት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ይብሳል። ሰውየው መቋሚያውን ተደግፎ ከሌሊት ጀምሮ ቆሟል፤ ሰዓቱ ግን ያልተንቀሳቀሰን ሰው እንደ ተቀመጠ ነው የሚቆጥረውና በየሰዓቱ እየተንቀጠቀጠ «ተነሥ! ትንሽ ቁም!» ይለዋል። በስቅለት ስግደት ሲበዛ ደግሞ የልብ ምትህ ከፍ ብሏል ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ሲቆም ቁም የሚል፣ ሲሰግድ ተጠንቀቅ የሚል አማካሪ ክንዱ ላይ ያሰረ ምእመን ቄሱን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አላውቅም።

የእናትየዋ ልጅ ግን ተስፋ አይቆርጥም። «እማማ፣ ዛሬ 14 ሺሕ ሄደዋል» ይላቸዋል።

«ማን ቆጠረው፣ ልጄ?»

«ሰዓቱ ነዋ!»

«ይህን ያህል ካወቀ ውኃውን ራሱ አይቀዳም?»

ይህን ጥያቄ የትኛውም ኩባንያ እስካሁን አልመለሰውም።

ካሎሪውስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት ዓይነት የክንድ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ሞከሩ። የልብ ምት ላይ አብዛኞቹ ደኅና ናቸው፤ ማማት አይገባም። የተቃጠለ ካሎሪ ላይ ግን ከሁሉ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፤ ከሁሉ የባሰው 93 በመቶ። መርካቶ ውስጥ ሚዛኑ 93 በመቶ የሳተ ነጋዴ ደንበኞቹ ምን እንደሚያደርጉት ታውቃላችሁ። ሰዓቱ ግን ሲያብል የሚያብለው ለባለቤቱ ደስታ ነውና ይቅር ይባላል። «600 ካሎሪ አቃጥለሃል» ሲለው ሰውየው ወዲያው ሂሳቡን ያወራርዳል፤ ክትፎ ቤት ገብቶ።

ይህ ሐሜት ብቻ እንዳይመስል፦ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ በፒትስበርግ የተደረገ ጥናት ታተመ። 471 ወጣት ጎልማሶችን ሁለት ዓመት ተከታተሉ። ሁሉም አመጋገባቸውን አስተካከሉ፣ ምክር ተሰጣቸው፤ ከስድስት ወር በኋላ ግማሾቹ ክንዳቸው ላይ መሣሪያ ታሰረላቸው፣ የቀሩት እንቅስቃሴያቸውን ራሳቸው እንዲመዘግቡ ተደረገ። በመጨረሻ ያልታሰረላቸው 5.9 ኪሎ ቀነሱ። የታሰረላቸውስ? 3.5። ፍርድ እንዳይጓደል ግን ሌላውንም ልጥቀስ፤ ብዙ ጥናቶችን ደርቦ የመዘነ እ.ኤ.አ. የ2022 ግምገማ ሰዓቱ በቀን ወደ 1,800 እርምጃ እንደሚጨምርና ወደ አንድ ኪሎ ክብደት እንደሚያስቀንስ አግኝቷል። አንድ ኪሎ! ልኳንዳ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ጓደኛሞች «አንድ ኪሎ ቁርጥ፣ ጮማ ያለው» ብለው በአንድ መቀመጫ የሚያዝዙትን ልክ። ሰዓቱ ምስጋና ይገባዋል።

ሰዓቱ ጾምንም እንዳገኘ ልብ ይሏል። አሁን 16 ሰዓት አትብላ፣ 8 ሰዓት ብላ የሚል አፕ አለ፤ የሚከፈልበት፤ ሰዓቱ ሲሞላ ክንድህ ላይ እልል የሚል። መንዝ ላይ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አለ፤ ሲደማመር ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። ክፍያ የለውም፣ ምዝገባ የለውም፣ እልልታውም ለፋሲካ ይቆያል። ነገር ግን በውጭ አገር ቋንቋ ስላልተነገረ ሳይንስ አይደለም። አያቱ ሲጾሙ «ኋላ ቀርነት ነው» ያለው ወጣት ዛሬ ጾሙን በዶላር ተከራይቶ ስክሪን ሾት ይልክላቸዋል።

ይህን ሁሉ ስትሰሙ የመንዝ ሰው ቀጭን የሆነው ብዙ ስለሚሄድ ነው፣ እኛም ብንሄድ እንከሳለን ብላችሁ እንደሆነ፣ እዚህ ላይ ሽሙጡን ለአፍታ ላቁም። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪው ሄርማን ፖንዘርና ባልደረቦቹ የታንዛኒያ ሐድዛ አዳኞችን ኃይል ለኩ። ቀኑን ሙሉ የሚሄዱት ሐድዛዎች፣ የሰውነት መጠናቸው ሲታሰብ፣ በቀን የሚያቃጥሉት ጠቅላላ ኃይል ወንበር ላይ ከሚውለው ምዕራባዊ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ሰውነት እግር ላይ ያወጣውን ሌላ ቦታ ሳይቆጥብ አይቀርም። ከዚህ ተነሥቼ የራሴን ፍርድ ብሰጥ፣ የመንዝን ገበሬ ያከሳው መንገዱ አይደለም፤ መሶቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የመቀንጨር ችግር እንዳለባቸው አግኝቷል። በዚያው ጥናት በአገሪቱ ከመቶ ሴቶች 22ቱ ከልክ በታች ቀጫጭን፣ 8ቱ ከልክ በላይ ወፍራም ነበሩ። ውርጭ ገብሱን ሲመታው፣ በልጉ ሲቀር፣ የሴፍቲኔት ስንዴ ሲዘገይ፣ በዚያ ደጋ ላይ ክብደት ያለ ምንም አፕ ይቀንሳል። ውጤቱም የተረጋገጠ ነው።

በቃ፣ ሽሙጡን መልሼ ላንሣ፤ ያመጣሁት ሐሳብ አለና።

ቻይና ውስጥ ስልክ እያወዛወዘ እርምጃ የሚያስቆጥር ትንሽ ማሽን ይሸጣል። ባለቤቱ ይተኛል፣ ስልኩ ይሄዳል። እኛ ይህን ማሽን ለማስገባት ምንዛሪ ለምን እናባክናለን? በመንዝ ጓሳ ዙሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚራመድ፣ ቀድሞም የሚራመድ፣ ነገም የሚራመድ ሕዝብ አለን። የአዲስ አበባ ደንበኛ ሰዓቱን ጠዋት በአውቶቡስ ይልካል፤ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ ወኪላችን ይረከባል። አንድ ጤነኛ ገበሬ በሁለት ክንዱ ዐሥር ሰዓት ያለ ችግር ይይዛል። ክንድ የማያወዛውዙ ውኃ ቀጂዎችን በተመለከተ ሰዓቱ ቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰራል። የአህያ እግር ላይ ማሰር ግን በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ እርምጃዋ በአራት ስለሚባዛ ደንበኛው ጓደኞቹ ዘንድ ይጠረጠራል።

ዋጋው በደረጃ ነው። የሜዳ እርምጃ ርካሽ ነው። የጀማ ዳገት እርምጃ የልብ ምት ስለሚያሳይ እጥፍ ይከፈልበታል። ከገበያ መልስ ጠላ ቤት ጎራ ተብሎ ፊልተር ከተቀመሰ በኋላ የሚመዘገብ እርምጃ አቅጣጫው ስለሚዛባ ቅናሽ ይደረግበታል። በዐቢይ ጾም ወራት የሚራመድ ሠራተኛ ባዶ ሆዱን ስለሚሄድ ምርቱ «ፕሪሚየም» ተብሎ ይሸጣል። ደንበኛው ማታ አራት ሰዓት ላይ ሶፋውን መዞር አይጠበቅበትም፤ ልጆቹም ዜናቸውን ያያሉ።

ውሉ አጭር ነው። የተመዘገበው ካሎሪ በሙሉ የደንበኛው ንብረት ነው፤ በቴሌብር እንደ ተከፈለ ወደ ስልኩ ይተላለፋል። ሰዓቱ ገደል ቢገባ ሠራተኛው ይተካል፤ ሠራተኛው ገደል ቢገባ ወኪሉ ሌላ ሠራተኛ ይተካል። ያንን ካሎሪ ለማቃጠል ሠራተኛው መጀመሪያ መብላት ያለበትን ምሳ በተመለከተ በአንዳንድ ወገኖች የቀረበው ጥያቄ የውጤታማነት ጥናት ስላልተሠራለት ለሁለተኛው ዙር ድርድር ተላልፏል።