ያልተነካ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል ነበር። መልአኩ ጡረታ ወጣ መሰለኝ፣ ዛሬ ስም የሚያወጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስልኩ ላይ ያፈጠጠ አባት ነው። ሚስቱ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ አልጋው ተገዝቷል፤ የገንፎው እህል ተፈጭቷል፤ የቀረው ስም ብቻ ነው። ሰውዬው የሚፈልገው ብዙ አይደለም። አጭር ይሁን፤ ለአፍ ይጣፍጥ፤ ፈረንጅ ሳይንተባተብ ይጥራው፤ ትርጉሙ «የእግዚአብሔር ስጦታ» ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን ማንም ያልነካው ይሁን። «ያልተነካ የወንድ ስም አለህ?» እያለ ወዳጆቹን ሲጠይቅ ስታዩት ሲኤምሲ አካባቢ ባዶ ቦታ የሚያፈላልግ ደላላ ይመስላችኋል።

እኔ ይህን ትጋት ከሚያደንቁት ወገን ነኝ። የቤት ኪራይ ውሉን ሳያነብ የፈረመ ሰው ለሦስት ፊደል ስም ወራት የሚፈጅ ምርምር ሲያካሂድ ማየት ያኮራል። ምርምሩ ለመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ያደረገውን አስተዋጽኦስ ማን ይክዳል? አንደኛ ዜና መዋዕልን ውሰዱ። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ምዕራፎች እገሌ እገሌን ወለደ እያሉ የሚዘልቁ የትውልድ ዝርዝሮች ናቸው። ሰባኪ የሚሸሻቸው፣ አንባቢም ሁለት ሁለት ገጽ እየገለጠ የሚያልፋቸው ነበሩ። ዛሬ ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት ሁሉ መጽሐፉ ሲከፈት በራሱ እዚያ ላይ ይከፈታል። አባት በጣቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚያምር ድምፅ ያለው ስም ሲያገኝ ይቆማል። ባለስሙ ማን ነበር፣ ምን ሠራ፣ ማንን ገደለ የሚለው ዝርዝር ጉዳይ ነው።

ትርጉም ለማጣራትም መድከም የለም። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ስም ሁሉ «በዕብራይስጥ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው» ይባላል። በእኛ ሰፈር የሚነገረው ዕብራይስጥ ከዚህች ሐረግ በቀር ሌላ ቃል የለውም። ናትናኤልንና ዮናታንን፣ ማቴዎስንም አልነካም፤ እነሱ በእውነት ስጦታ አለባቸው። የማደንቀው ለቀሩት ስጦታውን ያደለውን ቸር ሰው ነው።

የዚህ ጥበብ ታላቅ ድል አቤኔዘር ነው። በአያቶቻችን ዘመን ይህን ስም ገበያ መሐል ብትጠሩት ዞር የሚል አይገኝም ነበር። ዛሬ መምህራን «የተስፋዬ አቤኔዘር»፣ «የግርማ አቤኔዘር» እያሉ በአባት ይለዩዋቸዋል። ስሙን ለተመለሰ ጸሎት ምስጋና አድርገው ያወጡ አማኞች አሉ፤ ታሪኩን ያውቁታልና ሽሙጤ አይመለከታቸውም። እኔ የማወራው «ለየት ያለ ስለሆነ ወደድነው» ስላሉት ነው። ለእነሱ አንድ የምሥራች አለኝ፤ አቤኔዘር ሰው አይደለም። ድንጋይ ነው። ነቢዩ ሳሙኤል ፍልስጥኤማውያን ድል ከሆኑ በኋላ በምጽጳና በሼን መካከል ያቆመው የረድኤት ድንጋይ ነው፤ አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 7 ላይ ታገኙታላችሁ። ሦስት ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትመለሱ ደግሞ እስራኤል በዚሁ ስም በሚጠራ ስፍራ ሰፍረው ታያላችሁ። በመጀመሪያው ውጊያ 4,000፣ በሁለተኛው 30,000 ሰው አለቀባቸው፤ ታቦቱ ተማረከ፤ የ98 ዓመቱ ካህን ዔሊ ወሬውን ሲሰማ ከወንበሩ ወደ ኋላ ወድቆ አንገቱ ተሰበረ። ስልኩ ይህን ሁሉ አላለም። ስልኩ ያለው «ጠንካራ የወንድ ስም» ነው። ቻርልስ ዲከንስም እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የገና ታሪኩ ስሙን አንሥቶ ለስስታሙ ለስክሩጅ ሰጠው። ልጃችሁ አድጎ ለንደን ላይ ራሱን ሲያስተዋውቅ ሰሚው ለምን ፈገግ እንዳለ አሁኑኑ ብትነግሩት ጥሩ ነው።

ነገር ግን አቤኔዘር ተነክቷል፤ አልቋል። እውነተኛ ብርቅ ለሚሻ አባት ያው ምዕራፍ 4 ሌላ ስም ደብቆ አስቀምጧል። የዔሊ ምራት፣ የፊንሐስ ሚስት፣ ታቦቱ መማረኩን፣ አማቷና ባሏም መሞታቸውን በሰማችበት ሰዓት ምጥ ያዛት። ወንድ ልጅ ወልዳ እየሞተች ስም አወጣችለት፤ ኢካቦድ። እስቲ ጮክ ብላችሁ በሉት። ከናኦድ ጋር ቤት ይመታል፤ ለአፍም አይከብድም። ክብር ከእስራኤል ለቀቀ ማለት መሆኑን ካልተናገራችሁ ማን ያውቅባችኋል? እርግጥ አሜሪካዊው ደራሲ ዋሽንግተን ኧርቪንግ እ.ኤ.አ. በ1820 ራስ የሌለው ፈረሰኛ ለሚያሳድደው ፈሪ መምህር ሰጥቶት ነበር፤ ቢሆንም ዘመዶቻችሁ እሱን አላነበቡም። ሎዓሚም አለ፤ ሆሴዕ ለልጁ ያወጣው። እንደ ሙዚቃ ይፈስሳል፤ «ሕዝቤ አይደለም» ማለት ነው። የኢሳይያስ ልጅ ስም ግን ምርኮ ፈጠነ፣ ብዝበዛ ቸኮለ የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ለመታወቂያ ካርድ አይመችም። እነዚህ ነቢያት ልጆቻቸውን የቁጣ ማስታወቂያ ሰሌዳ አድርገዋቸዋል። የእኛዎቹ ሰሌዳውን ወስደው ጽሑፉን ትተውታል።

መቼም ስም በዕብራይስጥ እንዲሆን ሳይለምኑ የሆነላቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ እስራኤል የገቡት የቤተ እስራኤል ልጆች ገና እግራቸው መሬት ሲረግጥ መዝጋቢ ሹም ፊት ቀርበው የአማርኛና የትግርኛ ስማቸው በዕብራይስጥ ተተካ። ለብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ቅሬታ ሆኖ ቀረ፤ ካደጉ በኋላ የቀድሞውን የመለሱም አሉ። እኛ ሹም አላስፈለገንም። ሹሙም ተፈናቃዩም እኛው ነን፤ ለአገልግሎቱ ደግሞ የኢንተርኔት ካርድ ከኪሳችን እንገዛለን።

መጽሐፍ ቅዱስ የጠበበው አባት ባሕር ይሻገራል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሙ «እዚህ ሊያም የሚባል ስም አለ፣ እንዴት ያምር መሰለህ» ይለዋል። ያምራል። ሊያም የአየርላንዳውያን ስም ነው፤ ዊልያምን ያሳጠሩበት። ያልተነካ መሆኑን በተመለከተ የአሜሪካ ማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣውን ዝርዝር ማየት ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በተከታታይ ለዓመታት ለአሜሪካ ወንዶች ልጆች በብዛት የወጣው ስም ሊያም ነው። ከዚያ በፊት ከ2013 እስከ 2016 አንደኛ የነበረው ኖዋ ነው። የአገሬ ሰው ኖዋንም አልማረም፤ «ኖዋ አሰፋ» በየልደት ካርዱ ላይ ተጽፎ አይቻለሁ። ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ በግዕዝ መጻሕፍታችን ውስጥ መርከቡን ይዞ የተቀመጠው ሽማግሌው ኖኅ ግን ስልክ የሚደውልለት የለም። እሱ ያረጀ ስም ነው፤ ኖዋ ደግሞ አዲስ። ያዕቆብን ጄኮብ፣ ኤልያስን ኤላይጃ አድርጎ ያመጣ አባትም ከውጭ እንዳስመጣ ሰው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። የቀረጥ መሥሪያ ቤት ይህን ዕቃ እስካሁን አለማየቱ የመንግሥት ገቢን ጎድቷል።

ይህን ሁሉ ሥራ የሚያፈርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ አባትየው። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም። ልጅ የራሱን ስም ይይዛል፣ አባቱን ያስከትላል፣ አያቱንም ይጨምራል። አባት ለልጁ ያልተነካ ስም መስጠት ይችላል፤ ከስሙ ኋላ ራሱ ከመቆም ግን መሸሽ አይችልም። ሊያም በላቸው። ኢታን ደምሰው። ጄይደን ወልደ ጊዮርጊስ። በመጀመሪያው ቃል ደብሊን የገባ ሰው በሁለተኛው ደብረ ማርቆስ ይወርዳል። አያት ሲጨመር ነገሩ ይብሳል፤ ሊያም በላቸው አጥናፉ። አንዳንዱ አባት ይህን ተረድቶ የራሱን ስም ለመቀየር ፍርድ ቤት ቢሄድ አልገረምም፤ ግን እዚያም የሚጠሩት «በላቸው አጥናፉ!» ብለው ነው።

ልጁ ውጭ አገር ሲሄድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ የውጭ ጋዜጠኞች በአብዛኛው የጮኹት «ገብረ ሥላሴ!» እያሉ ነው። ልጁ ሮጠ፣ አባቱ ተጠራ። ያንን ለፈረንጅ አፍ እንዲመች ተብሎ በስንት ድካም የተመረጠ ስም ፈረንጁ ወደ ጎን አስቀምጦ «ሚስተር በላቸው» ይላል፤ እሱንም እየተንተባተበ። የሊያም ልጅ ሲወለድ ደግሞ ሊያም የአባት ስም ይሆናል፣ ቀጥሎም የአያት። በዚያ ዘመን የሚነሣ አንድ ዘመናዊ አባት «የሽማግሌ ስም ነው» ብሎ አፍንጫውን ይነፋበታል።

«የድሮው ስም ይሻል ነበር ልትል ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ድሮም ቢሆን አባቶች ልጅን ባዶ እጁን አላሰናበቱም። በላቸውም ደምሰውም የተወለዱት አባታቸው ከአንድ ሰው ጋር በተጣላበት ሰሞን ሳይሆን አይቀርም፤ ሕፃኑ ገና ጡት ሳይጥል የድንበር ክርክር ተሸክሟል። ካሳና ምትኩ ደግሞ ያላዩትን የሞተ ወንድም ቦታ እንዲሞሉ ታዘው የመጡ ናቸው። ይህ ሸክም ለልጅ ቀላል አልነበረም። ብቻ የጠበኛው አባት ጠላቱ ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። የዛሬው አባት ጠላቱ «ተራ» የሚባል ሰው ነው፤ ያን ሰው ደግሞ አንድም ቀን አላገኘውም።

ልዩ መሆን የሚገባቸው ሰዎች፣ ማለትም ነገሥታቱ፣ በዚህ በኩል ምንኛ ወደ ኋላ የቀሩ ነበሩ! የቋራው ካሳ እ.ኤ.አ. በ1855 ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው የትንቢት መጽሐፍ የተነገረለትን የቴዎድሮስን ስም ወሰደ። አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን፣ የሚጠብቀውን ስም። በዚያ ላይ በ15ኛው መቶ ዓመት ሌላ ቴዎድሮስ ነግሦ ስለነበር «ዳግማዊ» ተባለ። ሌላው ካሳ፣ የተምቤኑ፣ ዮሐንስ ሲባል አራተኛ መሆኑ እንኳ አላሳፈረውም። የሸዋው ሣህለ ማርያምም ምኒልክ ዳግማዊ ሆነ። አስቡት፤ ንጉሠ ነገሥት ተሁኖ ቁጥር የተለጠፈበት ስም! ማንም የሌለው ስም ሲያምራቸው የሚሄዱት ወደ ፈረሳቸው ነበር። አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው የፈረስ ስሞች ናቸው። ጌታው በጋለበበት ዘመን፣ በዋለበት ጦር ሜዳ ስሙ ይገባዋል ወይም አይገባውም፤ ያ ወደፊት ይታያል። እኛ ፈረሱን ሸጠነዋል፤ ስለዚህ ገና እምብርቱ ያልደረቀ ሕፃን ላይ ኮርቻ እንጭናለን።

መንግሥትም ቢሆን ለስም ፈላጊ አባቶች አልራራም። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ለአንድ ያልተነካ ስም 90 ቀን ምን ይሆናል? ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ይባስ ብላ ወንድ ልጅን በ40 ቀኑ ታጠምቃለች፤ ካህኑ ስልክ ሳያይ፣ ማንንም ሳያማክር ወልደ ሚካኤል ብሎ ይሰይመዋል። አባት ይህን ስም እንደ ክትባት ካርድ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

እስከዚያው ልጁ ስም አልባ ሆኖ እንዳይቀር ቤት ውስጥ ባቢ ይሉታል። ከዚያ ዋናው ስም ይገኛል፤ ሰርተፍኬት ይወጣል፤ ኬክ ላይ ይጻፋል፤ ዘመድ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስጦታው ይነገራል። በማግሥቱ ሁሉም ወደ ባቢ ይመለሳል። ከፈለጋችሁ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የኮንዶሚኒየም ግቢ ሂዱ። አንዲት እናት ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ጎንበስ ብላ «ባቢ! ና መክሰስህን ብላ!» ትላለች። ኳሱ ይቆማል። ሁለቱ አቤኔዘሮች፣ ኬብሮን፣ ሊያም፣ ሦስቱ ናታኖችና ሰሞኑን የገባው ኢካቦድ አንድ ላይ ቀና ብለው «አቤት!» ይላሉ።