ልብማ በል!

«ዝም ብለህ አንብብ!» ይለኛል። እናንተ ከዳር ቆማችሁ የምታዩ፣ ፍረዱኝ። ዝም ተብሎ የሚነበብ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አጥር ላይ የተጻፈው «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው። አንተ ደግሞ እሱንም አንብበህ አልገባህም!

ጠባችን በሆምስታክ ነው። ሆምስታክ የአንድሩ ሀሲ ዌብኮሚክ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2009 ተጀመረ፤ ልክ በሰባት ዓመቱ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 2016 አለቀ። ከ8000 ገጽ በላይ ነው። ልጆች አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ይጀምራሉ፤ ጨዋታው ዓለማቸውን ያጠፋል፤ ከዚያ «በሉ አዲስ ፍጠሩ» ይላቸዋል። እግረ መንገዱን ለእያንዳንዱ ተጫዋች ማዕረግ ይሰጣል። እኔ «ይህ ማዕረግ ምን ማለት ነው? ማንስ ለማን ምኑ ነው?» ብዬ ቲዎሪዬን ዘረጋሁ። ይሄ ሰውዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሙ አቶ ዝምብለህ ነው፣ «ተራ ካርቱን ነው፤ ቲዎሪ የሥራ ፈት ነው» አለ።

ሥራ ፈት? እኔ ቢያንስ የምፈታው አለኝ! አንተ በሕይወትህ የፈታኸው የጫማህን ክር ብቻ ነው፤ እሱም ሲቋጠርብህ ሰው ጠርተህ።

ደግሞ ማዕረጉ እንዴት እንደሚሠራ ስማ፤ ጆሮህን ከስልኩ አውጣ። ሁለት ቃል ነው። አንደኛው ቃል ምን እንደምታደርግ ይናገራል፤ ወራሽ፣ ፈረሰኛ፣ ጠንቋይ፣ ሌባ እያለ እስከ 14 ይደርሳል። ሁለተኛው በምን ላይ እንደምታደርገው ይናገራል፤ ጊዜ፣ ደም፣ ተስፋ፣ ልብ እያለ 12 ነው። ቭሪስካ የብርሃን ሌባ ናት። ብርሃን እዚያ ዕድልም ነው። ስለዚህ ቭሪስካ የሰው ዕድል ትሰርቃለች። አንተ ጋ ብትመጣ ግን ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ አንተ ጋ ምን ዕድል አለና!

አቶ ዝምብለህ ይህን ሲሰማ ቸኮለ። የዲርክ ስትራይደርን ማዕረግ ያዘ። «የልብ ልዑል! ገባኝ! የፍቅር ጌታ ነው!» አለ። ገባህ? በየት በኩል ገባህ? በሩ እዚህ ነው፣ አንተ አጥሩ ላይ ነህ! በዚያ ጨዋታ ልዑል ማለት አጥፊ ነው። ልብም ጽጌረዳ አይደለም፤ ነፍስ ነው፣ «እኔ» የምትለው ነገር ነው። የልብ ልዑል ማለት «እኔ»ን የሚሰባብር ነው። ልጁን ተመልከተው። የአእምሮውን ግልባጭ አንሥቶ መነጽሩ ውስጥ ከተተ፤ ግልባጩ አፍ አውጥቶ ከባለቤቱ ጋር ይከራከራል። በራሱ አምሳል ሮቦት ሠርቶ ለጓደኛው ላከ። እንዲህ ራሱን ሲበትን፣ ሲበትን፣ በመጨረሻ የገዛ ራሱን ከአንገቱ ለይቶ ላከ! ራሱን ነው የምልህ፤ ፀጉር ያለበትን! ይሄ ሁሉ በሁለት ቃል ማዕረግ ውስጥ ተጽፎ ነበር። «ልብ በል» ስልህ «ልብማ አለኝ» ብለህ ደረትህን ትነካለህ። ያንን ማን ጠየቀህ? እሱማ ዶሮም አላት!

ቀጠለ። «እሺ ማዕረጉስ ይሁን፤ ማን ከማን ጋር ሆነ ብሎ መከራከር ግን ሐሜት ነው» አለ። ሐሜትማ አንተ ትችላለህ። ጎረቤትህ ሥጋ የገዛ ቀን ስንት ኪሎ እንደገዛ፣ ስንቱ አጥንት እንደሆነ ሳይቀር ታውቃለህ። ይሄኛው ሌላ ነው። ታሪኩ ውስጥ ትሮል የሚባሉ ባለ ቀንድ፣ ግራጫ ቆዳ ፍጥረቶች አሉ። እነሱ ዝምድናን አራት ቦታ ከፍለውታል፤ ምልክቶቹንም ከመጫወቻ ካርታ ወስደዋል። አንደኛው የምናውቀው ፍቅር ነው፣ በቀይ ልብ። ሁለተኛው በጥላቻ የሚነድ ነው፤ ሁለት ባላንጣዎች እየተፋለሙ ይፈላለጋሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ ነው። አዎ፣ ሽማግሌ! ሁለቱ ሊጫረሱ ሲሉ መሀል የሚገባ ሦስተኛ ሰው። ትሮሎቹ ለዚህ አዲስ ቃል ፈጠሩ፤ እኛ ቤት ቃሉ ጋቢ ለብሶ ከተቀመጠ ቆይቷል። አራተኛው አብራጅ ነው፤ የተቆጣ ወዳጁን አደብ የሚያስገዛ፣ እሱ ከሌለ አገር የሚቃጠልበት።

አንድ ገጽ ላሳይህ፤ ና ቀረብ በል። ጋምዚ የሚባለው ትሮል አእምሮውን ስቷል። ጓደኞቹን ኤኩየስን ገድሏል፣ ኔፔታን ገድሏል። ካርካት ይጠጋዋል። ካርካት ማለት ሲጽፍ እንኳ በትልልቁ ፊደል ብቻ የሚጮህ ልጅ ነው፤ ከታሪኩ ሁሉ ዝም ማለት የማይችል እሱ ነው። ያ ጯሂ መዳፉን ገዳዩ ፊት ላይ ያሳርፋል። ቸብ፣ ቸብ። ሽሽሽ ይለዋል፤ ጥርስ እያበቀለ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚያባብሉት። ገዳዩም ይበርዳል። ስለት አልተመዘዘም፣ ደም አልፈሰሰም። እኔ እዚህ ገጽ ላይ እንባዬ መጣ። አንተ «ለምን ፊቱን ይጠፈጥፈዋል?» አልክ። አራተኛውን ዝምድና ሐሜት ነው ብለህ ዘለልከዋ! ለዘለለ ሰውማ ሁሉም ገጽ ጉድጓድ ነው።

ገና ነው፣ አትሂድ። ኤሪዳን የሚባለውን ትሮል የምታበርደው ፈፈሪ ነበረች። ተሸከመችው፣ ተሸከመችው፣ ደከማት። ተወችው። እሳት ነው እንግዲህ፣ ውኃው ሄዷል። ምን ጠበቅህ? በበትሩ ገደላት። ሞቷ መጀመሪያ የተጻፈው የተለያዩበት ገጽ ላይ ነበር፤ አንተ «የወሬኞች ነገር» ብለህ ያለፍከው። ከዚያ ሬሳው ላይ ደርሰህ «ምን ተፈጠረ?» ትላለህ። ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ ንፍሮ ዘግኖ፣ ሁለተኛውን እፍኝ ሲያነሳ «ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?» የሚል ሰው አንተ ነህ!

«ኧረ ይሄ ሆሮስኮፕ ነው» አለ ደግሞ። ሰውዬው አያልቅበትም፤ የማያልቅ ደግሞ አያስፈልገንም። እርግጥ ትሮሎቹ ሸሚዛቸው ላይ የአሥራ ሁለቱ ኮከቦች ምልክት አለ። ከሸሚዙ አልፎ ማየት ያቃተህ አንተ ነህ። ኤሪዳንን መልሰህ ያዝልኝ። ማዕረጉ የተስፋ ልዑል ነው። ልዑል ምን ነበር ያልነው? አጥፊ። ምን ያጠፋል? በል ንገረኝ፤ ከአፌ አትጠብቅ። ካናያ የምትባለው ትሮል የምትጠብቀው አንድ ክብ ነገር ነበር፤ እናት እንቁላል ልበለው። የትሮሎች ዓለም ጠፍቷል፤ የቀሩት ጥቂት ልጆች ናቸው፤ ዘራቸው ዳግም የሚፈለፈለው ከዚያ እንቁላል ብቻ ነው። ተስፋ ቅርጽ ይዞ፣ ክብ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። ኤሪዳን በበትሩ አጠፋው። ካናያንም መሀል ሆዷን በሳት። «ተስፋ ቆረጠ» ሲባል ትሰማለህ፤ ተስፋን ይዞ የቆረጠው ግን እሱ ነው። ካናያ ወድቃ አልቀረችም። ተነሣች፣ የከንፈር ቀለሟን አወጣች፤ ቀለሙ የሞተር መጋዝ ሆነ። ተስፋ የቆረጠው ልጅ ራሱ ተቆረጠ። ከወገቡ!

እዚህ ላይ ብታቆም ግማሽ ሰው ነህ። ብዙ ገጾች አልፈው ሮክሲ የምትባል ተጫዋች ትመጣለች። የሮክሲ ማዕረግ የባዶ ሽፍታ ነው። ሽፍታ ያልኩት ከሌባው ልለያት ብዬ ነው፤ ሌባ ለራሱ ይወስዳል፣ እሷ ነጥቃ ለሌላው ታካፍላለች። ባዶ ላይ ቆሞ ምን ይነጠቃል? ይኸው ነው ጥበቡ! ከሌለ ነገር ላይ አለመኖሩን ትሰርቀዋለች። አለመኖሩ የተሰረቀበት ነገር ምን ይቀረዋል? መኖር! መጀመሪያ ስትሞክር አረንጓዴ ኩብ ወጣላት፤ ምንም የማይሠራ ኩብ። ተመልካቹ ሳቀ። እሷ አላቆመችም። በመጨረሻ ያንን እናት እንቁላል ከምንም አወጣችና ለካናያ ሰጠቻት። የተስፋ ልዑል ያጠፋውን የባዶ ሽፍታ መለሰችው። ማዕረጎቹን ያልፈታ አንባቢ ሁለቱን አያገናኛቸውም፤ «እንቁላል ጠፋ፣ እንቁላል ተገኘ» ብሎ ያልፋል፣ የጓሮ ዶሮ የሚጠብቅ ይመስል። ሆሮስኮፕ የጠፋ ተስፋ ይመልሳል? ያንተ ሆሮስኮፕ የተበደርከውን ሃምሳ ብር እንኳ አልመለሰም!

እውነት ለእውነት፣ ከእኛም ወገን የሚያበላሽ አለ። ሁለት ልጆች አንድ ሥዕል ላይ ጎን ለጎን ስለቆሙ «ተዋደዱ!» ብሎ የሚያጋባ አለ። እሱንም አልምረውም። ታክሲ ውስጥ ሦስተኛ ሆኖ ያጣበበህ ሁሉ አማችህ ነው? ቲዎሪ ያለው ገጹን ገልጦ ያሳይ። ለሌላው ወንበር የለም፤ ወረድ፣ ወረድ።

አቶ ዝምብለህ ግን የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ። «ደራሲው ያላለውን አትበል! ጥርጣሬ ካለህ ደራሲውን ጠይቅ!» አለ። እልልታ አቆዩልኝ፣ ገና ነው። መጀመሪያ ነገር፣ ይህ ታሪክ ሲጀመር የሚሄደው በአንባቢ ትእዛዝ ነበር። አንባቢ «ይህን ያንሣ፣ እዚያ ይሂድ» ብሎ ይልካል፣ ሀሲ ከመጣው መርጠው ይስላሉ። አንባቢው ሲበዛ ሳጥኑ ተዘጋ። ሳጥኑ ተዘጋ እንጂ አፋችን አልተዘጋም። ሁለተኛ ነገር፣ ሀሲ ታሪኩ ውስጥ ራሳቸውን ገጸ ባሕርይ አድርገው ገቡ። ሎርድ ኢንግሊሽ የሚባለው ዋናው ክፉ አገኛቸውና ገደላቸው። ደራሲውን! በገዛ ድርሰቱ! ታዲያ ማንን ልጠይቅ? ተዝካር አውጥቼ?

ሦስተኛውን ስማና ተቀመጥ። ቲዎሪ የሚሠሩት ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው ናቸው። ኔፔታ፣ ቅድም የሞተችው፣ ዋሻዋ ግድግዳ ላይ ማን ለማን እንደሚሆን ስትስል ነው የኖረችው። ካሊዮፒ ደግሞ የልጆቹን ታሪክ ከሩቅ ትከታተላለች፣ ትስላቸዋለች፣ ማዕረጋቸውን ትተነትናለች። የትኛው ማዕረግ ገፊ፣ የትኛው ተቀባይ እንደሆነ የነገረችን እሷ ናት። አድናቂ ናት! እንደኔ! አንድ ወንድም አላት፣ ካሊቦርን ይባላል። ሁለቱ አንድ አካል ይጋራሉ፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነቃል። ይህ ወንድም እህቱ የምትወደውን ሁሉ ያጣጥላል፣ ሥዕሏን ይንቃል፣ በትንተናዋ ይስቃል። ሲያድግ ማን ሆነ መሰለህ? ሎርድ ኢንግሊሽ! ደራሲውን የገደለው! እንግዲህ በቲዎሪዬ ስትስቅ ከማን ጎን ቆመህ እንደምትስቅ ዞር ብለህ እይ።

ዞረ። አየ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አቶ ዝምብለህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ... የእኔ ማዕረግ ምንድን ነው?» አለኝ።

ደስ አለኝ፤ ደስ ያለኝን ደግሞ አልደብቅም። ሳላመነታ «ብላቴና ነህ» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ቆይ አትኩረፍ! ብላቴና ከሁሉም ደካማ ሆኖ ይጀምራል፤ ለማደግ ከሁሉም ይዘገያል፤ ካደገ ግን የሚቆመው የለም። በእንግሊዝኛ ስሙ ፔጅ ነው፤ ፔጅ ማለት ብላቴናም ነው፣ ገጽም ነው። ገጽ የማይገልጥ ፔጅ ካንተ በቀር አላየሁም! በል ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ። ከአንደኛው ገጽ እንጀምር። ልጁ መኝታ ክፍሉ መሀል ቆሟል። ዛሬ 13 ዓመት ሞልቶታል፣ ስም ግን ገና አልወጣለትም። ምን እንበለው? ተናገር እንጂ! ዝም አትበል!