የሚያነክሰው ዘበኛ

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ግቢ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የሌሊት ሠራተኛ አለው፤ ደመወዝ የማይጠይቅ፣ የዓመት ፈቃድ የማይሞላ፣ ማኅበር የማያቋቁም። የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ውሻ ግን ዐሥር ዓመቱን ደፍኖም፣ ማለትም በሰው ሒሳብ ከጡረታ ወዲያ ማዶ ተሻግሮም፣ ጅብ በመጣ ቁጥር ብድግ ብሎ እንዲጮኽ ይጠበቅበታል። ጠዋት ሲነሣ የኋላ እግሩን ይጎትታል፤ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ይፍታታል። ደረጃ ሲያይ ያመነታል፣ ጉልበቱን ደጋግሞ ይልሳል። የቤቱ ሰው ይህን ሁሉ አይቶ «አረጀ» ይልና መዝገቡ በዚያው ይዘጋል። የእኔ ክርክር መዝገቡ እንደገና ይከፈት የሚል ነው። ማርጀት በሽታ አይደለም፤ ማነከስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁርጥማት ነው፣ ቁርጥማት ደግሞ ያማል። የሕመሙ ዋና ማስታገሻም ያለው ፋርማሲ ውስጥ ሳይሆን ሳህኑ ላይ ነው፤ ያውም ሳህኑን በማጉደል። ጉራጌ አገር ቆሞ «ምግብ ቀንስ» ማለት ድፍረት እንደሚጠይቅ ሳልዘነጋ ነው ይህን የምለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመገጣጠሚያ ላይ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ከዕድሜ፣ ከቆየ ጉዳትና ከክብደት ብዛት የተነሣ እየሳሳ ይሄዳል፤ መገጣጠሚያው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደርቃል። ዕድሜውን መመለስ አይቻልም፣ ክብደቱን ግን ይቻላል። በአሜሪካ 48 የላብራዶር ቡችሎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ዕድሜ ልካቸውን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ነበሩ። ከየጥንዱ አንዱ ከባልንጀራው በ25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጠው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲታተም፣ ጥቂት የበሉት አማካይ ዕድሜያቸው 13 ዓመት፣ ጠግበው ያደጉት ደግሞ 11.2 ሆኖ ተገኘ፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙም ቀጭኖቹን ዘግይቶ ነው ያገኛቸው። ጠግቦ ያደገው ውሻ በዘመኑ ሁሉ «እኔ ነኝ የምወደደው» ብሎ ሳያስብ አልቀረም። በእኛ በኩል ደግሞ ውሻ ሃይማኖት አይለይም፤ መስቀልንም ዐረፋንም እኩል ያከብራል። በሬው በተጣለ ሰሞን ሥቡ፣ ጅማቱና አጥንቱ ወደ እርሱ ይወረወራል፤ የክትፎ ቤት ውሻ ከሆነማ በዓሉ ዓመቱን ሙሉ ነው። በዚህ ላይ የተረፈው ቆጮ አለ። ቆጮ የተከበረ ምግብ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ለውሻ ግን ክብደት እንጂ ጡንቻ አይሰጥም፣ የታመመን ዳሌ ደግፎ የሚያቆመው ጡንቻ ነው። ስለዚህ ለአረጀ ውሻ ቅቤና ሥብ የሌለው ጥቂት ቀይ ሥጋ ከአንድ ሙሉ ሳህን ፍርፋሪ ይሻለዋል። ጎድኑ በዓይን ባይቆጠርም በእጅ ሲዳሰስ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ፍቅሩ በዝቷል።

«የእኛ ውሻ እንኳን ሊወፍር አጥንቱ ወጥቷል፤ ውፍረት የፈረንጅ ውሻ ችግር ነው» የሚል አይጠፋም። ለብዙ ውሾች እውነት ነው፤ እነርሱን ሳህናቸው ላይ አልነካቸውም። የከሲታው ውሻ ጠላት ሰንሰለቱና ሲሚንቶው ነው። ሁለቱም ከተሞች 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ናቸው፤ የክረምት ሌሊታቸው ይቀዘቅዛል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ያደረ ዳሌ ጠዋት እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው የሚከፈተው። ጣውላ ላይ የተነጠፈ ደረቅ ገለባና ጆንያ ከዚያ ያሳርፈዋል። ሰንሰለቱ ደግሞ ሌላ በደል ነው፤ መገጣጠሚያ የሚለሰልሰው በእንቅስቃሴ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ማታ ሩጥ የሚባል ሽማግሌ ቢያነክስ አይፈረድበትም። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ማንሸራሸር፣ ከአንድ ረጅም ሩጫ ይልቅ። ከከተማው ወጣ ላለ ሰው ጀፎረው አለ፤ ሰፊ፣ ሜዳ፣ ሣር የለበሰ። የጉራጌ አባቶች መንገዱን ሲቀይሱ ለፈረስ፣ ለለቅሶና ለበዓል አስበው ይሆናል እንጂ፣ ለአረጀ ውሻ ከዚህ የተሻለ የእግር ማፍታቻ ማንም መሐንዲስ አይነድፍም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ «ሰው ለራሱ ጉልበት ሐኪም ባላገኘበት አገር ለውሻ?» መልሴ እስካሁን ከዘረዘርኩት ውስጥ ገንዘብ የሚያስወጣው ጥቂቱ ሥጋ፣ ጣውላውና ጆንያው ብቻ ነው የሚል ነው። ገንዘብ የሚያባክነውስ የጎረቤት ማዘዣ ነው። የአያት ዲክሎፌናክ ወይም የልጅ ኢቡፕሮፌን በሥጋ ጠቅልሎ ማጉረስ የውሻን ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል። ለሰው የሚበጅ ክኒን ለሌላ ፍጡር ምን እንደሚሆን በግምት አይታወቅም፤ በሕንድ ለከብት የተሰጠ ዲክሎፌናክ ጥንቡን የበሉትን አሞሮች በሚሊዮን ጨርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ለእንስሳት እንዳይሰጥ ታግዷል። ዳሌውን በጋለ ብረት መተኮስም ሁለተኛ ቁስል ከመጨመር አያልፍም። የእንስሳት ሐኪም ካርፕሮፌን ወይም ሜሎክሲካም ሊያዝ ይችላል፤ የሚያዘው ግን መዝኖ ነው። ውሻው ቀድሞ ዴክሳሜታዞን ተወግቶ ከሆነም መናገር ግድ ነው፤ መርፌውና ሐኪሙ የሚያዘው መድኃኒት አንድ ላይ ጨጓራን ሊበሱ ይችላሉ።

«ይበላል፣ ይጮኻል፤ ምን አመመው?» ለሚል፦ ውሻ የቆየ ሕመምን አያለቅስም፣ ከምግብም አያኮርፍም፤ ስለዚህ ምልክቱን ሌላ ሰው ሊመዘግብለት ይገባል። ቡታጅራ በጤና ጥናት ስሟ የታወቀ ነው፤ በአካባቢዋ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ኖሯል። ቅጹ ላይ ግን ለውሻ ጉልበት የሚሆን ሣጥን ያለ አይመስለኝም፣ መዝጋቢው ባለቤቱ ነው። ጠዋት ሲነሣ በስልክ መቅረጽ ይበቃል፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ በድንጋጤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ውሻ ብዙ ነውና። ዳሌው ሲነካ ጥርሱን የሚያሳይ ውሻም ሁልጊዜ አብዶ አይደለም፣ አሞት ሊሆን ይችላል። ይህን ያልኩት ግን ንክሻን ለማቃለል አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ አይድንም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የውሻው ቁርጥማት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የመጨረሻው ጥያቄ የጅቡ ነው፤ ሽማግሌው ካረፈ ማን ይጠብቅ? «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚያሰኘው ጆሮው እንጂ እግሩ አይደለም። ጆሮው ደኅና ከሆነ ጆንያው ላይ ተኝቶም ቢሆን ይጮኻል፤ አጥር ድረስ የሚሮጥለት አንድ ቡችላ ብቻ ነው የጎደለው። ቡችላው ሲመጣ ግን ሳህናቸው ይለያይ፤ አለዚያ ሽማግሌው በማዕረጉ የቡችላውንም ድርሻ ጠቅልሎ በልቶ፣ በሚቀጥለው መስቀል ከነውፍረቱ እናገኘዋለን።